የንግድ መዝገብና ተዛማጅ የመረጃ ቋት

ሞጆ የመንገዶች መገናኛ መሆኗ የታወቀ ነው። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው የምድር ባቡር ያልፍባታል፤ ወደ ሐዋሳ የሚወርደውም መንገድ ከእርሷ ይገነጠላል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009 ደረቅ ወደብ ከተከፈተባት ወዲህ ደግሞ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ኮንቴይነር በብዛት የሚራገፍባት ከተማ ሆናለች።

ዕቃ ሲበዛ ወረቀት ይበዛል። ለአንድ ጭነት ብቻ ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ ኢንቮይስ፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የባንክ ፈቃድ፣ ዲክላራሲዮንና የመጋዘን መቀበያ ያስፈልጋል። ከእነዚህም አንዱ ከሌላው ያልተስማማ እንደ ሆነ ዕቃው በወደብ ይቆያል፤ በቆየም ቍጥር የመጋዘን ኪራይና ዲመሬጅ በባለቤቱ ላይ ይቈጠራል። ስለዚህ መዝገብን አስተካክሎ መያዝ የጸሓፊ ሥራ ብቻ ሳይሆን ትርፍና ኪሳራን የሚለይ የነጋዴ ጕዳይ ነው። ሕጉም ቢሆን በ1952 ዓ.ም. ከወጣው የንግድ ሕግ ጀምሮ፣ እርሱን በከፊል እስከ ተካው እስከ 2013ቱ የንግድ ሕግ ድረስ፣ ነጋዴው የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ያስገድዳል።

ይህ ጽሑፍ ተዛማጅ የመረጃ ቋት የተባለው የመዝገብ አያያዝ ምን እንደ ሆነና ለነጋዴ ምን እንደሚጠቅም ባጭሩ ያስረዳል።

፩. የችግሩ መነሻ

አንድ የቆርቆሮ አስመጪ አራት መዝገብ አለው እንበል፤ ይኸውም የሽያጭ፣ የዱቤ፣ የመጋዘንና የማጓጓዣ ናቸው። የአንድ ደንበኛ ስም፣ አድራሻና የስልክ ቍጥር በአራቱም ተጽፏል። ደንበኛው ከሞጆ ወደ አዳማ ሱቁን ሲያዛውር ጸሓፊው ሁለቱን መዝገብ አርሞ ሁለቱን ይረሳል። ከወር በኋላ ሾፌሩ ዕቃውን ጭኖ ወደ ቀድሞው አድራሻ ይሄዳል። ጥፋቱ የጸሓፊው ስንፍና ብቻ አይደለም፤ አንድን ነገር በአራት ቦታ መጻፍ ራሱ ስሕተትን ይወልዳል። በኤክሴል የሚሠራ ድርጅትም አራት የተለያዩ ፋይሎች ከያዘ ከዚህ አያመልጥም።

፪. የቋቱ አሠራር

ቋት በአገራችን ከወፍጮ የሚወርደው ዱቄት የሚጠራቀምበት ዕቃ ነው። የመረጃ ቋት የተባለውም የድርጅቱ መረጃ ሁሉ ወርዶ የሚጠራቀምበት ስለ ሆነ ነው። ተዛማጅ የሚለውን ሐሳብ ያፈለቀው ኤድጋር ኮድ የተባለ እንግሊዝ አገር የተወለደ የሒሳብ ሊቅ ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ በአይ ቢ ኤም ኩባንያ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1970 በጽሑፍ አወጣው። ከዚያ በፊት በነበሩት ቋቶች አንድን መረጃ ለማግኘት መረጃው በየት በኩል እንደ ተቀመጠ መንገዱን ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ኮድ ግን መረጃው ሁሉ በተራ ሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ ጠያቂው የሚፈልገውን ይናገር እንጂ መንገዱን መፈለግ የመሣሪያው ሥራ ይሁን አለ። ከዚህም የተነሣ ኤስ ኪው ኤል የተባለው የመጠየቂያ ቋንቋ ተፈጠረ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ሠንጠረዥ ስለ አንድ ዐይነት ነገር ብቻ ይናገራል፤ አንዱ ስለ ደንበኞች፣ አንዱ ስለ ዕቃዎች፣ አንዱ ስለ ሽያጮች። በየረድፉ አንድ ደንበኛ ወይም አንድ ሽያጭ ይጻፋል። የሽያጭ ሠንጠረዥ የደንበኛውን ስምና አድራሻ አይደግምም፤ ቍጥሩን ብቻ ይይዛል። መሣሪያው በዚያ ቍጥር ሁለቱን ሠንጠረዦች ያዛምዳል። ስለዚህ አድራሻው የሚጻፈው በአንድ ቦታ ብቻ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ሲታረም በሁሉም ዘንድ ታረመ ማለት ነው። እንደዚሁም በደንበኞች ሠንጠረዥ ላልተመዘገበ ሰው ዱቤ ለመጻፍ ቢሞከር፣ ደንቡ በሚገባ ከተሰጠው መሣሪያው እንቢ ይላል።

፫. ስለ ቍልፍ አመራረጥ

ረድፉን ከሌሎች ሁሉ የሚለየው ቍጥር ቍልፍ ይባላል። ቍልፉ በደንብ ካልተመረጠ ቋቱ ሁሉ ይናጋል። ስም ቍልፍ መሆን አይችልም። ኃይሉ፣ ኀይሉና ሀይሉ ለአንባቢ አንድ ሰው ሲሆኑ ለመሣሪያው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ በአፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አራተኛ ይሆናል። በአንጻሩም የራሳቸውና የአባታቸው ስም አንድ የሆነ ሁለት ነጋዴዎች በአንድ ገበያ ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የድርጅቱን የራሱን መለያ ቍጥር መስጠት፣ የግብር ከፋይ መለያ ቍጥሩንም አጠገቡ መመዝገብ ይበጃል።

የኮንቴይነር ቍጥርም ትምህርት ይሰጣል። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት አራት ፊደላት፣ ስድስት አኃዞችና አንድ መቈጣጠሪያ አኃዝ አሉት። የመጨረሻው ከፊተኞቹ ዐሥር ተሰልቶ የሚገኝ ስለ ሆነ፣ ጸሓፊው አንዱን ቢያዛባ ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይያዛል። ነገር ግን ይህ ቍጥር ብቻውን የጭነት ቍልፍ አይሆንም። ያው ሣጥን ባዶውን ተመልሶ በሌላ ጊዜ የሌላ ነጋዴ ዕቃ ይዞ ሊመጣ ይችላልና። ስለዚህ ጭነቱን የሚለየው የኮንቴይነሩና የቢል ኦፍ ሎዲንጉ ቍጥር አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው የዛሬውን ዕቃ ከአምናው ሒሳብ ጋር ያቀላቅላል።

፬. ስለ ቀን አቈጣጠር

መሣሪያዎቹ ቀንን የሚያውቁት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ጸሓፊው ጥቅምት 30 ቀንን 30/2 ብሎ ቢያስገባ፣ የእነርሱ ሁለተኛ ወር ሠላሳ ቀን ስለሌለው አይቀበለውም፤ ጳጕሜንንም አያውቃትም። ይህስ ጕዳቱ ቀላል ነው፤ ስሕተቱ ወዲያው ታውቋልና። የሚያስፈራው ሳይታወቅ የሚያልፈው ነው። ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. 5/3/2017 ተብሎ ቢጻፍ መሣሪያው ያለ አንዳች ተቃውሞ የ2017 ማርች 5 አድርጎ ይይዘዋል፤ ትክክለኛው ግን በእነርሱ አቈጣጠር የ2024 ኖቬምበር 14 ነው። ከሰባት ዓመት በላይ የተሳሳተ ቀን የዲመሬጅንም የዱቤንም ሒሳብ ያጠፋል። መፍትሔው ቀኑን በቋቱ ውስጥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ማስቀመጥ፣ ሲጻፍና ሲነበብ ግን ፕሮግራሙ ወደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር እንዲለውጠው ማድረግ ነው።

፭. መብራት ቢጠፋ

ዐርባ እስር ቆርቆሮ በዱቤ ሲሸጥ ሁለት ነገር መጻፍ አለበት፤ ከመጋዘን ዐርባ ይቀነሳል፣ በደንበኛው ዕዳ ላይ ይጨመራል። የመጀመሪያው ተጽፎ ሁለተኛው ሳይጻፍ መብራት ቢጠፋ ዕቃው ወጥቶ ዕዳው አልተመዘገበም። ደኅና የመረጃ ቋት ግን ሁለቱን እንደ አንድ ሥራ ይይዛቸዋል፤ ወይ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ወይ ሁለቱም እንዳልነበሩ ይሰረዛሉ። ለነጋዴው የዚህን ያህል የሚጠቅም ጠባይ የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህ ግን መሣሪያው ራሱ ሲቃጠል ወይም ሲሰረቅ አያድንም። ስለዚህ የቋቱ ቅጂ በየቀኑ ተወስዶ ከሱቁ ውጭ በሌላ ቦታ መቀመጥ፣ ቅጂውም ተመልሶ የሚሠራ መሆኑ አልፎ አልፎ መፈተን አለበት።

፮. እንዴት ይጀመር?

አንድ መዝገብ የሚበቃው ትንሽ ሱቅ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም። ከሁለት የሚበልጡ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚጽፉበት፣ ወይም አንዱ መረጃ በብዙ መዝገብ የሚደጋገምበት ድርጅት ግን ሊያስብበት ይገባል። የመግዣ ገንዘብም ብዙ ጊዜ ዕንቅፋት አይሆንም፤ ፖስትግሬስኪውኤልን የመሰሉ ያለ ክፍያ የሚገኙ የመረጃ ቋቶች አሉና። ወጪው የሚበዛው ለባለሙያው፣ ለማሠልጠኛውና የቀድሞውን መዝገብ አጥርቶ ለማስገባት ነው።

ባለሙያ ከመጥራት በፊት ባለቤቱ ራሱ በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፤ አንደኛ፣ ድርጅቱ መዝግቦ የሚይዛቸው ነገሮች የትኞቹ ናቸው? ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ በምን ቍጥር ይለያል? ሦስተኛ፣ በየሳምንቱ ሊመለስለት የሚፈልገው ጥያቄ ምንድን ነው? ለምሳሌ፦ ስድሳ ቀን ያለፈው ያልተከፈለ ዱቤ የማን የማን ነው? በወደብ የቆየው የትኛው ኮንቴይነር ነው? ለጥያቄው መልስ የማይሰጥ ቋት ምንም ቢያምር አይጠቅምም።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት ሥራ ስለ ጀመረ፣ የአስመጪና የላኪው ሰነድ ከወረቀት ወደ መሣሪያ እየተሻገረ ነው። በራሱ ቤት መዝገቡን ያስተካከለ ነጋዴ በዚያ መስኮት ፊት ሲቀርብ ቍጥሩ ሁሉ ይስማማለታል። መዝገቡ የተዘበራረቀበት ግን መሣሪያ ቢገዛ ዝብርቅርቁን ያፈጥነዋል እንጂ አያስተካክለውም። ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት ሥርዐቱ ይቅደም።