በጄ ቋንቋ የግሶች ጥምረት እና የማዕረግ ስውር ሚና

ሁለት ፈንክሽኖችን ማጣመር በሒሳብ ትምህርት ቀድመን ከምናውቃቸው ሐሳቦች አንዱ ነው። የውስጠኛው ውጤት ለውጭኛው ግብዓት ይሆናል፤ ሦስት ፈንክሽኖች ሲጣመሩም ቅንፉ በየትኛው ጥንድ ላይ ቢያርፍ ውጤቱ አይለወጥም። ይህ አጭር ጽሑፍ ሁለተኛው ሕግ የማይጸናበትን የማጣመሪያ ምልክት ይመረምራል።

ምልክቱ የሚገኘው ጄ በተባለው የድርድር ቋንቋ ውስጥ ነው። ቋንቋውን በ1990 (እ.ኤ.አ.) ያቀረቡት፣ ቀደም ሲል በ1962 ባሳተሙት መጽሐፍ የኤፒኤልን መሠረት የጣሉት ካናዳዊው ኬኔዝ አይቨርሰን ከሮጀር ሁዊ ጋር በመሆን ነው። አይቨርሰን ስያሜዎችን የተዋሱት ከሰዋስው ነበር፤ ፈንክሽን «ግስ»፣ ዳታ «ስም»፣ ሁለት ግሶችን የሚያያይዝ ምልክት ደግሞ «መስተጻምር» ይባላል። ስያሜው ለጊዜው እንግዳ ቢመስልም፣ በእኔ አስተያየት ከተለመዱት የኮምፒውተር ቃላት ይልቅ ነገሩን ይገልጸዋል።

*: ቁጥርን በራሱ የሚያባዛ፣ +/ ደግሞ የዝርዝርን አባላት የሚደምር ግስ ነው። የካሬዎችን ድምር ለማግኘት ሁለቱን በሁለት መስተጻምሮች እናጣምር፦

+/ @: *: 1 2 3
14

+/ @ *: 1 2 3
1 4 9

ሁለተኛው መስመር ድምሩን የረሳ ይመስላል። አልረሳም፤ ደምሯል፣ ነገር ግን እያንዳንዱን ቁጥር ለብቻው ነው። ምክንያቱ «ማዕረግ» ነው። በጄ እያንዳንዱ ግስ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ስፋት ያለው ድርድር እንደሚቀበል የሚወስን ማዕረግ አለው። የ*: ማዕረግ ዜሮ ስለሆነ ነጠላ ቁጥር ብቻ ይቀበላል፤ የ+/ ማዕረግ ግን ወሰን የለውም፣ የመጣለትን ድርድር በሙሉ ይወስዳል። @ የቀኙን ግስ ማዕረግ ለጥምሩ ያወርሳል። ስለዚህ ጥምሩ ዝርዝሩን ወደ ነጠላ ቁጥሮች ይበትናል፣ አንዱን ቁጥር ያባዛል፣ ያንኑ አንድ ቁጥር «ይደምራል»፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋል። @: ግን ማዕረግ አያወርስም፤ ግራው ግስ የሚጀምረው የቀኙ ውጤት በሙሉ ከተሰበሰበ በኋላ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ይበልጥ ያስገርማል። ዝርዝርን የሚገለብጠውና ማዕረጉ ወሰን የሌለው |. ሦስተኛ ሆኖ ሲጨመር ቅንፉ ትርጉም ያገኛል፦

((+/ @ *:) @ |.) 1 2 3
9 4 1

(+/ @ (*: @ |.)) 1 2 3
14

በመጀመሪያው ውስጥ +/ @ *: የ*:ን ዜሮ ማዕረግ ይዟል። በሁለተኛው ውስጥ ግን *: @ |. ማዕረጉን የወረሰው ከ|. ነው፤ ስለዚህ +/ ሙሉውን ዝርዝር ያገኛል። የኮድን ቅንፍ እንደ አልጀብራ ቅንፍ እያዘዋወረ የሚያቃልል ሰው እዚህ ላይ ትርጉሙን ይለውጣል፣ ኮምፒውተሩም ምንም የስሕተት መልእክት አያሳይም።

የስሕተቱ ዝምታ በተግባር ምን እንደሚያስከትል የቬክተርን ርዝመት በማስላት ይታያል። %: ካሬ ሥርን ይሰጣል።

%: @ (+/) @: *: 3 4
5

@:ን በ@ ብንተካ መልሱ 3 4 ይሆናል፤ ቬክተሩ ራሱ ተመልሶ መጣ። ይህንንስ ያየ ይጠራጠራል። የባሰው የ+/ን ቅንፍ መተው ነው፤ ያን ጊዜ / የሚያያዘው ከ+ ጋር ብቻ ሳይሆን በግራው ካለው ጥምር ሁሉ ጋር ነው። ኮዱ በ3 4 ላይ አሁንም 5 ይመልሳል። በ1 2 2 ላይ ግን 3 በመመለስ ፈንታ 1.95664 ይሰጣል፣ ካሬ ሥሩ በየድምሩ መካከል ስለሚገባ። ለፍተሻ የተለመደው የሦስትና የአራት ምሳሌ ስሕተቱን ይሸፍነዋል ማለት ነው።

ታዲያ @ ለምን ተፈለገ? የቀኙ ግስ ለየረድፉ የሚሰጣቸው ዝርዝሮች ርዝመታቸው ሲለያይ፣ ጄ ሲሰበስባቸው አጫጭሮቹን በዜሮ ይሞላል። @ ግን ከመሰብሰቡ በፊት የግራውን ግስ በየውጤቱ ላይ ያሠራል፤ እያንዳንዱን ውጤት በሣጥን የሚያሽገው < ከ@ ጋር ሲጣመር ዜሮዎቹ አይገቡም። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ሆኖም አጭሩ ምልክት ለልዩው፣ ረጅሙ ምልክት ለተለመደው ትርጉም መሰጠቱ ለጀማሪ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። ዳያሎግ ኤፒኤል በ2020 በወጣው 18.0 እትሙ ያስገባው ተመሳሳይ ምልክት ማዕረግ አይወርስም፤ አሠራሩ ከጄው @: ጋር ይስማማል።

@: ሁሉንም ችግር ይፈታል ማለትም አይደለም። +/ @: *: በሠንጠረዥ ላይ ሲሠራ ረድፎቹን እርስ በርስ ስለሚደምር የሚሰጠው የዓምዶችን ድምር ነው። የየረድፉን ድምር የሚፈልግ ሰው ማዕረጉን ራሱ መጻፍ አለበት፦ (+/"1) @: *:።