የሞተር መጋዝ ከልክ በላይ ሲንቀጠቀጥ ሊደረግ የሚገባው

ባሕር ዛፍ በሚቈረጥበትና ግንድ በሚሰነጠቅበት ወረዳ ሁሉ የሞተር መጋዝ ስለሚሠራበት፥ የእርሻና የደን ኀላፊዎች የመሣሪያውን ጠባይ ማወቅ ይገባቸዋል። መጋዙ ሲሠራ ጥቂት መንቀጥቀጡ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከትናንቱ ይልቅ ዛሬ ከበረታ ብልሽት እንደ ገባበት ያስታውቃል። ሠራተኛው ይህን በክንዱ ኀይል ለማሸነፍ እጀታውን ባጠበቀ መጠን፥ መንቀጥቀጡ ወደ ክንዱ አብልጦ ይተላለፋል።

ጕዳቱም በመሣሪያው ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1918 ዓ.ም. አሊስ ሐሚልተን የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም፥ በኢንዲያና ግዛት በታመቀ አየር በሚመታ መዶሻ ድንጋይ የሚጠርቡ ሰዎችን መርምራ፥ ብርድ ሲነካቸው ጣቶቻቸው ደም አጥተው እንደሚነጡና እንደሚደነዝዙ አስታወቀች። የሞተር መጋዝ በተስፋፋ ጊዜ ይኸው ደዌ በግንድ ቈራጮች ላይ ታየ። ስለዚህ በሞተሩና በእጀታው መካከል መንቀጥቀጡን የሚያበርድ ጎማ ወይም ሞላ ይገባል። መንቀጥቀጡ እጥፍ ሲሆን ያንኑ ጕዳት በሩብ ጊዜ ያደርሳል፤ ይኸውም በ8 ሰዓት የሚደርሰው በ2 ሰዓት ይደርሳል ማለት ነው።

ብልሽቱን ለመለየት አስቀድሞ መንቀጥቀጡ መቼ እንደሚበረታ ማስተዋል ያስፈልጋል። እንጨት ሲቈርጥ ብቻ ከሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሰንሰለቱ ነው፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር፥ ሰንሰለቱም ቆሞ ሳለ ከሆነ፥ ጎማውን ወይም ሞተሩን መመርመር ይገባል። እጅ ሳይነካው ግን ሞተሩ መጥፋትና የካንዴላው ሽቦ መነቀል አለበት።

1ኛ፤ ሰንሰለቱ። አንዱ ጥርስ ረዥም ሌላው አጭር እንደ ሆነ መጋዙ እንጨቱን እየዘለለ ይነክሳል። ስለዚህ ከሁሉ አጭሩ ጥርስ ተለክቶ የቀሩት ሁሉ በእርሱ ልክ በክብ ሞረድ ይሳላሉ። ከጥርሱ ፊት ያለው ጕብታ ለብዙ ዓይነት ሰንሰለት ከጥርሱ ጫፍ 0.65 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ከዚህ አብልጦ የሞረደው ሰው መጋዙን ከማናወጡ በላይ ወደ ቈራጩ ተስፈንጥሮ እንዲመለስ ያደርገዋል።

2ኛ፤ ውጥረቱ። ሰንሰለቱ ከሚዞርበት ረዥም ብረት በታች ሳይንጠለጠል መያዝ፥ በእጅ ሲሳብ ግን መንቀሳቀስ አለበት። ብረቱን የሚይዙት ዳዶዎች በደንብ ይጥበቁ።

3ኛ፤ ሰንሰለቱን የሚያዞረው ጥርሳም መንኰራኩር። ጥርሱ የተበላ እንደ ሆነ አዲሱንም ሰንሰለት ያበላሻል፤ ሁለት ሰንሰለት ካለቀበት በኋላ መለወጡ የተለመደ ነው።

4ኛ፤ ጎማውና ሞላው። ቤንዚንና ዘይት የነካው ጎማ ይለሰልሳል፥ ይሰነጠቃል። እጀታው ሲገፋ ብረት ከብረት የሚጋጭ ከሆነ ጎማው በአዲስ ይለወጥ። በሽቦ ማሰር ወይም ቁራጭ ቆዳ መጠቅጠቅ ግን መንቀጥቀጡን በቀጥታ ወደ እጅ ያሳልፋል እንጂ አያበርድም።

5ኛ፤ ሞተሩ። ከላይ ያለው ሁሉ ደኅና ሆኖ መንቀጥቀጡ ካልቀረ፥ የሞተሩ ብሎኖች መላላታቸውና ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ ክንፉ መሰበሩ ይታይ። አንድ ክንፍ ቢጐድል ሚዛኑ ስለሚዛባ ሞተሩ በፈጠነ ቍጥር ይናወጣል። የሞተሩን ውስጥ መፍታት ግን የሠለጠነ መካኒክ ሥራ ነው።

ከዚህ የሚታየው፥ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው አንድ ሞረድና አንድ ጎማ መሆኑ ነው። ስለዚህ የወረዳው ኀላፊ እነዚህ በግምጃ ቤት እንዳይጐድሉ፥ የሚንቀጠቀጥም መጋዝ እስኪበጅ ድረስ ከሥራ እንዲወጣ ማዘዝ፥ ሠራተኞችንም ማፈራረቅ አለበት። ጣቱ የሚነጣ ወይም የሚደነዝዝ ሠራተኛ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይላክ፤ መጋዙ በአዲስ ጎማ ይታደሳል፥ በእጅ ላይ የሰነበተው ደዌ ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።