ጉድፍ የወጣበትን ሕፃን ስለ ማስታመም



በየቁምስናው ሕፃናት ለትምህርት በሚሰበሰቡበት ጊዜ አንዱ ልጅ ፊቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ይዞ ሲመጣ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ አጠገቡ የነበሩት ተራ በተራ ሲተኙ ማየት ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ያን ጊዜ ወላጆች «ኩፍኝ ይሆን? ወይስ ፈንጣጣ ተመልሶ መጣ?» እያሉ ይጨነቃሉ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ልጁን ወደ ቤቱ ይመልሱት ወይም ያስቀምጡት እንደሆነ ይቸገራሉ። ስለዚህ በዚህ እትማችን ሐኪሞች ቫሪሴላ ስለሚሉት ስለ ጉድፍ በሽታ አጭር ትምህርት ለማቅረብ ወደናል።

አስቀድመን አንድ ነገር እንናገር። ጉድፍ ጤነኛ በሆነ ሕፃን ላይ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚድን በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው ለመርዳት ብለን በምንፈጽመው ስሕተት ሲሆን፣ ሁለተኛው በሽታው ሊቋቋሙት ወደማይችሉ ሰዎች ሲደርስ ነው።

በሽታው እንዴት ይተላለፋል?

ጉድፍን የሚያመጣው በዓይን የማይታይ ቫይረስ ነው። ከበሽተኛው ትንፋሽ፣ ከሳሉና ከማስነጠሱ እንዲሁም ከቁስሉ ፈሳሽ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባበት ቀን አንሥቶ ሽፍታው እስኪወጣ ድረስ ከ10 እስከ 21 ቀን ይቆያል። በሽተኛው ሽፍታው ከመውጣቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ፣ ቁስሎቹ በሙሉ ደርቀው ቅርፊት እስኪይዙ ድረስ ለሌላው ያስተላልፋል። ይህም ብዙውን ጊዜ ሽፍታው ከወጣ በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን ይፈጃል።

አንድ ጊዜ የያዘው ሰው እንደገና የሚያዘው ከስንት አንድ ነው። ይሁን እንጂ ቫይረሱ ከሰውነት ጨርሶ አይወጣም፤ በነርቭ ሥር ተደብቆ ይኖራል። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በእርጅና ወይም በሰውነት መዳከም ምክንያት፣ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ በአንድ ወገን ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ አልማዝ ባለጭራ የወጣባቸው አያት ቁስላቸው እስኪደርቅ ድረስ ጉድፍ ያልያዘውን ሕፃን ባያቅፉ መልካም ነው።

ከሌሎች በሽታዎች እንዴት ይለያል?

ፈንጣጣ በሀገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1968 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1972 ዓ.ም. ከምድር ገጽ መጥፋቱን አውጇል። ስለሆነም ፈንጣጣ ተመለሰ ብሎ መሸበር አያስፈልግም።

ኩፍኝ ሲሆን ሕፃኑ አስቀድሞ ለጥቂት ቀናት በኃይል ይተኩሰዋል፣ ያስለዋል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ ዓይኑም ይቀላል። ከዚያ በኋላ ቀይ ሽፍታ ከፊትና ከጆሮ ሥር ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሽፍታው ግን ውሃ አይቋጥርም። ኩፍኝ የጠረጠረ ወላጅ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በ9 እና በ15 ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባትም ጉድፍን እንደማይከላከል ማወቅ ይገባል። ለጉድፍ የሚሆን ክትባት በጃፓን የተገኘ ቢሆንም፣ በሀገራችን ከመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ አልገባም።

ጉድፍ በአብዛኛው ከደረት፣ ከጀርባና ከፊት ይጀምራል፤ በራስ ቅል ላይ በጸጉር መካከልም ይወጣል። መጀመሪያ ትንንሽ ቀይ ነጠብጣብ ይሆናል፣ ቀጥሎ ውሃ ይቋጥራል፣ በመጨረሻም ይደርቃል። ዋናው መለያው ግን ሽፍታው በየቀኑ አዲስ እየጨመረ ስለሚወጣ፣ በአንድ ሰውነት ላይ ቀዩም፣ ውሃ የቋጠረውም፣ የደረቀውም በአንድ ጊዜ መታየቱ ነው። እጅግም ያሳክካል።

በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. ኤምፖክስ የተባለው በሽታ በሞያሌ መገኘቱ በይፋ ተገልጿል። ይህም በሽታ ውሃና መግል የሚቋጥር ሽፍታ ስለሚያወጣ ከጉድፍ ጋር ሊምታታ ይችላል። ሽፍታው በመዳፍና በውስጥ እግር ከበዛ፣ ንፍፊትም ከተነሣ፣ በግምት ከመወሰን ይልቅ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ለጤና ጣቢያ ማሳየት ያሻል።

በቤት የሚደረግ እንክብካቤ

1. የሕፃኑን ጥፍር አሳጥሮ መቁረጥና እጁን በየጊዜው በሳሙና ማጠብ። ጠባሳና መመረዝ የሚመጣው በማከክ ነውና።

2. በየቀኑ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ ገላውን ማጠብና ሳይፈትጉ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ። ጥቂት የአጃ ዱቄት በውሃው ውስጥ ቢበጠበጥ ማሳከኩን ያስታግሳል። ከመድኃኒት መደብር የሚገኘው ካላሚን የተባለ ቅባትም ለዚሁ ይረዳል።

3. ቀለል ያለ የጥጥ ልብስ ማልበስ። ሙቀትና ላብ ማሳከኩን ያብሳሉ።

4. ውሃና ሌላ ፈሳሽ ደጋግሞ ማጠጣት፤ ጡት የሚጠባ ከሆነም አለማቋረጥ። ቁስሉ በአፍ ውስጥ ሊወጣ ስለሚችል በርበሬ የሌለው ለስላሳ ምግብ፣ እንደ አጥሚት፣ ሾርባና እርጎ ያለውን ማቅረብ።

5. ትኩሳቱ ካስጨነቀው በዕድሜውና በክብደቱ መጠን ፓራሲታሞል መስጠት። አስፒሪን ግን ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ ከባድ ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል ፈጽሞ መሰጠት የለበትም። አይቡፕሮፌንም የቁስሉን መመረዝ ሊያባብስ ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥ።

ልንተዋቸው የሚገቡ ልማዶች

ከምናውቃቸው ቤተሰቦች በአንዱ የአምስት ዓመት ልጅ ጉድፍ ወጣበት። ጎረቤቶች «ብርሃን እንዳያየው፣ ውሃም እንዳይነካው» ብለው ስለመከሩ እናቲቱ ልጁን በጨለማ ክፍል ውስጥ ስምንት ቀን ሳታጥብ አስተኛችው። እኛም ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ ቁስሉ መግል ይዞ፣ ዙሪያው አብጦ፣ ልጁም በትኩሳት ተዳክሞ አገኘነው። በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ በሕክምና ዳነ፤ ጠባሳው ግን ቀረ። እናቲቱን የሚወቅስ ቃል አልነበረንም፤ ያደረገችው ሁሉ ከፍቅር የመነጨ ነበርና። የጎደላት ፍቅር ሳይሆን ዕውቀት ነበር። እኛም ቀደም ብለን ባለማስተማራችን አዘንን።

እንግዲህ ገላን አለማጠብ፣ በቁስሉ ላይ አመድ፣ ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ መቀባት፣ የቴትራሳይክሊንን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን መነስነስ፣ ከሌላ ሰው የተረፈ አሞክሳሲሊን መስጠት፣ እነዚህ ሁሉ አይጠቅሙም። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቫይረስን አይገድልም፤ ቁስሉ ሲመረዝ ብቻ ባለሙያ መርምሮ ያዝዘዋል።

ወደ ጤና ጣቢያ ሳይዘገዩ መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

ትኩሳቱ ከአራት ቀን በላይ ሲቆይ ወይም ለቅቆ ሲመለስ፤ ቁስሉ ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲሞቅና መግል ሲይዝ፤ ሕፃኑ ለመተንፈስ ሲቸገር፣ አንገቱ ሲደርቅ፣ ሲቃዥ፣ ሲንቀጠቀጥ ወይም ለመንቃት ሲያዳግተው፤ ደጋግሞ ሲያስታውክና መጠጣት ሲያቅተው ነው። ሲደርሱም ሌሎች እንዳይያዙ በር ላይ «ጉድፍ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ማስታወቅ ደግነት ነው።

በተለይ ልንጠብቃቸው የሚገቡ

ነፍሰ ጡሮች፣ አራስ ሕፃናት፣ በልጅነታቸው ጉድፍ ያልያዛቸው አዋቂዎች፣ እንዲሁም በኤች.አይ.ቪ. ወይም በሌላ በሽታና መድኃኒት ምክንያት የመከላከል ኃይላቸው የተዳከመ ወገኖች በጉድፍ ክፉኛ ሊጎዱ ይችላሉ። በተለይም እናት ከመውለዷ ከአምስት ቀን በፊት አንሥቶ እስከ ወለደች ሁለተኛ ቀን ድረስ ሽፍታው ቢወጣባት የሕፃኑ ሕይወት ለአደጋ ይጋለጣል። ከእነዚህ ወገኖች አንዱ በሽተኛ አጠገብ ከነበረ ሽፍታው እስኪወጣ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ሐኪም ያማክር። አሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት በይበልጥ የሚረዳው ሽፍታው በወጣ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።

የታመመን መጠየቅ መልካም ባህላችን ነው። ጉድፍ ያለበትን ቤት ግን በሽታው ቀድሞ የያዘው ሰው ይጠይቅ፤ ነፍሰ ጡሯ መልእክት ብትልክ ይበቃል። የታመመውን ልጅ ብቻ ሳይሆን ጤነኛ የሚመስሉትን ወንድሞቹንና እኅቶቹንም፣ ጉድፍ ያልያዛቸው ከሆኑ፣ እስከ 21 ቀን ድረስ ወደ አራስ ቤት ይዞ አለመሄድ ያስፈልጋል።

መምህራንም ልጁን በጓደኞቹ ፊት ሳያሳፍሩ ከወላጁ ጋር ወደ ቤቱ ይሸኙት፤ ቁስሉ ሁሉ ሲደርቅ በደስታ ይቀበሉት። እናቱ በዕለት ገቢ የምትተዳደር ከሆነች፣ ልጁን ለሳምንት በቤት ማቆየት የቀን እንጀራዋን ያሳጣታል። ስለዚህ ቀድሞ የያዘው ጎረቤት ግማሽ ቀን ቢያስታምምላት፣ ከብዙ ምክር ይልቅ እርሱ ይረዳታል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ሽፍታ የወጣበት ሕፃን እንዴት ይታመማል? ከልማዶቻችን የትኛውን እንያዝ፣ የትኛውንስ እንተው?

2. ከምናስተምራቸው ሕፃናት ቤት ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ያለችው በየትኛው ነው? በሽታው ሲታይ መልእክቱን ማን ያደርስላታል?

3. በአቅራቢያችን ያለው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ የት ነው? በሌሊት በሽተኛን ለማድረስስ ምን ዝግጅት አለን?