ከእሳቱ በኋላ፦ የመዲናው ከበባና የዲላው መስከረም



ባለፈው ሳምንት ከመግሪብ በኋላ በነበረን ሐለቃ አንድ የሁለተኛ ዓመት ወንድማችን እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «ከተማ ውስጥ ሁከት ተነስቶ ሱቅ ሲቃጠል፣ ፖሊስም ቆሞ ሲያይ ሙስሊም ምን ያድርግ? ካለፈ በኋላስ ተጠያቂው ማን ነው?» ወዲያው ሐለቃው ለሦስት ተከፈለ። አንዱ የወጣቱ ሥነ ምግባር ስለወደቀ ነው አለ። ሌላው ነገሩ ሁሉ ፖለቲካ ነው አለ። ሦስተኛው ደግሞ ፖሊስ በሰዓቱ ቢደርስ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ብሎ ተከራከረ። ዒሻ ደረሰና ሳንጨርስ ተነሳን።

ይህ ክርክር ለዲላ አዲስ አይደለም። አሁን ግቢ ውስጥ ያለን አብዛኞቻችን ያኔ ልጆች ብንሆንም፣ መስከረም 2009 ላይ የሆነውን የከተማው ሰው አልረሳውም። በዲላ በአንድ የንግድ ቦታ ይዞታ ላይ የነበረ ክርክርና የፍርድ ቤት ውሳኔ ቁጣ ቀሰቀሰ። ቁጣው ወደ ወናጎ፣ ይርጋጨፌና ኮቸሬ ተዛመተ፤ ቤቶችና ሱቆች ተቃጠሉ፣ ሰዎች ተገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሚያዝያ 2009 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት በሦስት ክልሎች 669 ሰዎች መሞታቸውን ገልጿል። ከእነዚህ ውስጥ 34ቱ በጌዴኦ ዞን የሞቱ ናቸው። የክርክሩ መነሻ የነበረው ቦታ የአንድ ወገን ይዞታ ነበር፤ ጥቃቱ ግን ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸውን፣ «መጤ» የተባሉ ነጋዴዎችንና ቤተሰቦችን ጭምር መታ።

በዚያው መስከረም መጨረሻ በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አሥር ወር ቆየ። ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች ተያዙ። ብዙዎቹ ወደ ጦላይ፣ አዋሽና ሌሎች ካምፖች ተወስደው «ተሐድሶ» የሚባል ሥልጠና ተሰጣቸው፤ ታኅሣሥ ላይ ከተለቀቁት መካከል «አይደገምም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ የለበሱ ነበሩ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። መንግሥት ራሱ ነገሩን በከፊል የሥነ ምግባር ጉድለት አድርጎ ነበር የያዘው፤ በሥልጠናና በካናቴራ የሚስተካከል። በግልጽ ችሎት ማን ምን እንዳደረገ ተለይቶ ቢታወቅ ግን ሱቁ ለተቃጠለበትም፣ ሳያጠፋ ለተያዘውም ይበልጥ ይጠቅም ነበር።

አሁን ወደ ታሪካችን እንመለስ። በ35ኛው ዓመተ ሂጅራ ከግብፅ፣ ከኩፋና ከበስራ የመጡ ሰዎች መዲና ገብተው የኸሊፋው የዑስማን ኢብኑ ዐፋንን (ረ.ዐ) ቤት ከበቡ። በሹመት ላይ ቅሬታ ነበራቸው፤ ኸሊፋውም ሰምተዋቸዋል፣ ተነጋግረዋል። ነገሩ ግን ከቅሬታ አልፎ ሄደ። የሶሓቦች ልጆች ሳይቀሩ በራቸውን ሊጠብቁ ሰይፍ ይዘው ቆመው ነበር። እርሳቸው ግን በእርሳቸው ምክንያት የሙስሊም ደም እንዳይፈስ ብለው መለሷቸው። ከዚያም ቁርኣን እየቀሩ ሳሉ ተገደሉ።

እኛን የሚመለከተው ትምህርት ያለው ከግድያው በኋላ በተነሳው ክርክር ውስጥ ነው። ዐሊይ (ረ.ዐ) ኸሊፋ ሆኑ። ጦልሓና ዙበይር (ረ.ዐ) ገዳዮቹ ሳይዘገይ ይቀጡ አሉ። ዐሊይ ደግሞ ገዳዮቹ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅለዋል፣ ኃይልም አላቸው፣ መጀመሪያ ከተማው ይረጋጋ አሉ። ሁለቱም ወገን ፍትሕን ይፈልግ ነበር፤ ልዩነቱ የትኛው ይቅደም የሚል ነበር። (ዑለማዎቻችን በሶሓቦች መካከል የሆነውን ስናወራ ምላሳችንን እንድንገታ መክረውናልና ከዚህ አልገባም።) በሐለቃችን አንዱ «ፍትሕ!» ሌላው «ሰላም!» እያለ ሲጯጯህ፣ ከእኛ እጅግ የሚሻሉ ሰዎችም በዚሁ ጥያቄ እንደተፈተኑ ባስታወስን ኖሮ ድምፃችን ዝቅ ይል ነበር።

ከዚያ ዘመን የወጣው ፊቅህ ግን ግልጽ ነው። በጀመል ቀን ዐሊይ የሚሸሸውን አታባርሩ፣ የቆሰለውን አትግደሉ፣ ንብረታቸውንም እንደ ምርኮ አትውሰዱ ብለው አዘዙ። የፊቅህ ሊቃውንት በመሪ ላይ በተነሱ ሰዎች ላይ የሚሠራውን ሕግ ያወጡት በአብዛኛው ከዚህ ነው። ከዚህም ተነስተው ሁለት ነገሮችን ለዩ፦ አንደኛው ቅሬታና ማስረጃ ይዞ የተነሳ ሰው ነው፤ እርሱን በመጀመሪያ ያነጋግሩታል፣ በደሉም ካለ ይነሳለታል። ሁለተኛው መንገድ ቆርጦ የሚዘርፍና የሚገድል ነው፤ ይህ ሒራባ ነው፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። በአንድ ሁከት ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ይገኛሉ። «ሁሉም ወንበዴ ነው» የሚለውም፣ «ሁሉም የተበደለ ነው» የሚለውም ለይቶ ለማየት የሰነፈ ነው።

«በመንጋ ስለተደረገ ማን ይጠየቃል?» ለሚለውም መልስ አለ። በሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ) ዘመን በሰንዓ ሰዎች ተባብረው አንድ ሰው ገደሉ። ዑመር በግድያው የተካፈሉትን ሁሉ በቂሷስ ቀጡ፤ የሰንዓ ሰው ሁሉ ቢካፈል ኖሮም እንደማይምሩ ተናገሩ። መብዛት ከተጠያቂነት አያድንም ማለት ነው። ነገር ግን የተቀጡት በመካፈላቸው ነው እንጂ የሰንዓ ሰዎች በመሆናቸው አይደለም። በ2009 «እነሱ» ተብለው የተመቱት ሰዎች ጥፋታቸው ምን ነበር? ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ በ2010፣ ደግሞ ከምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለው ወደ ገደብ፣ ኮቸሬና ይርጋጨፌ ጎረፉ። አብዛኞቹ ጌዴኦዎች ነበሩ። እነርሱም የተባረሩት በሠሩት ሳይሆን በማንነታቸው ነው።

ስለ ፖሊስ ስናወራ የእኛ ጀመዓ የራሱ ቁስል አለው። በ2004 የመብት ጥያቄ በሰላም ያቀረቡ ሙስሊሞች ታስረዋል፤ ተወካዮቻቸውም በ2007 በፀረ ሽብር ሕጉ እስከ 22 ዓመት ተፈርዶባቸዋል። ስለዚህ አንዳንዱ ወንድማችን «ፖሊስ» ሲባል ፊቱ ቢጠቁር ይገባኛል። ሆኖም ሰላማዊውን የሚደበድብ ፖሊስና ሱቅ ሲቃጠል ቆሞ የሚያይ ፖሊስ ሁለቱም አማናቸውን አጉድለዋል። አንዱን እየወቀስን ሌላውን «የእኛ ሱቅ አይደለም» ብለን ብናልፍ፣ በኒሳእ ምዕራፍ ቁጥር 135 የታዘዝነውን፣ በራሳችን ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ መቆምን፣ ትተናል።

በነሐሴ 2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በእንግሊዝ ከተሞችም ሁከት ተነስቶ ነበር፤ መነሻው ለንደን ውስጥ አንድ ሰው በፖሊስ ጥይት መሞቱ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ካሜሩን የሥነ ምግባር ውድቀት ነው አሉ፣ ሌሎች ፖሊስንና ድህነትን ወቀሱ። በበርሚንግሃም ሰፈራቸውን ሊጠብቁ የወጡ ሦስት ሙስሊም ወጣቶች በመኪና ተገጭተው ሞቱ። የአንዱ አባት ጣሪቅ ጃሃን በዚያው ቀን ልጁን እንዳጣ፣ በቀል ለመውጣት በተዘጋጀው ወጣት ፊት ቆሞ ወደ ቤታችሁ ግቡ ብሎ ለመነ። ሰፈሩ አልተቃጠለም። በዓመቱ ግን በግድያው የተከሰሱት ስምንቱም ነጻ ተባሉ። ይህን የምጽፈው ትዕግሥት ሁሌ ፍትሕን ያስገኛል ብዬ እንዳላታልላችሁ ነው።

ወንድማችን «ምን እናድርግ» ላለው፦ ነፍሱንና ንብረቱን ሲከላከል የሞተ ሸሂድ እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል፤ የዑስማን ሰይፍ አለማስመዘዝ በሁላችን ላይ ግዴታ አይደለም። ነገር ግን ፉቀሃዎች መከላከል በቀላሉ መንገድ ይጀምራል፣ አጥቂው ሲሸሽ ያበቃል ብለዋል። ከዚያ በኋላ ያለው በቀል ነው። የተጠቃን ጎረቤት፣ ሃይማኖቱም ብሔሩም ሳይጠየቅ፣ ማስጠለል ይቻላል። ያዩትን በስም፣ በሰዓትና በቦታ ጽፎ መያዝና ምስክርነት ሲጠየቁ አለመደበቅም ይቻላል። በቴሌግራም የመጣን ወሬ ደግሞ የሑጁራት ምዕራፍ ቁጥር 6 እንዳዘዘው ሳያጣሩ አለማስተላለፍ። በእኔ ግምት ከሦስቱ የሚከብደን ምስክርነቱ ነው፤ በተለይ አጥፊው የእኛው ሰው ሲሆን። የመኽዙም ጎሳዋ ሴት ስትሰርቅ በዘመዶቿ ክብር ሽምግልና ተልኮ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምን ያህል እንደተቆጡ እናውቃለን።

ያልነካሁት አንድ ነገር አለ፦ የጌዴኦ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው የሚያደርጉት እርቅና ሸሪዓ የሚያውቀው ሱልሕ የት ይገናኛሉ፣ የት ይለያያሉ? ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ እንወያይበታለን። የዲላ ልጆች የሆናችሁ ከአባቶቻችሁ ጠይቃችሁ ኑ።