የአይሮፕላን አብራሪነትና የዕለት እንጀራ

በአዊ አገር ፈረስ እጅግ የተከበረ ነው። በየዓመቱ በጥር ወር ብዙ ፈረሰኞች በእንጅባራ ተሰብስበው በዓል ያከብራሉ። ይሁን እንጂ ብልህ ገበሬ ፈረስ ሲገዛ ሩጫውን ብቻ አይቶ አይገዛም። ለክረምት የሚሆን ገብስና ድርቆሽ በቤቱ መኖሩንም ይመረምራል። ሥራ የሚመርጥ ሰውም እንዲሁ ሊያስብ ይገባዋል።

የዳንግላ ልጅ በሰማይ የሚያልፈውን አይሮፕላን አይቶ «እኔም አብራሪ እሆናለሁ» ቢል፥ አሳቡ መልካም ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው አይሮፕላኑ ወደ ካይሮ በረረ። በዚያን ጊዜ አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። በኋላ ግን ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው የመንገደኞች አይሮፕላን አዛዥ ሆኑ።

የአብራሪ ደመወዝ ከብዙ ሥራ ደመወዝ ይበልጣል። ነገር ግን በሦስት ነገር ላይ ይቆማል፤ እነርሱም ዕውቀት፥ ጤናና ጊዜ ናቸው።

ዕውቀቱ በአንድ ቀን አይገኝም። በዓለም አቀፍ ደንብ የትልቅ መንገደኛ አይሮፕላን አዛዥ የሚሆን ሰው 1,500 ሰዓት የበረረ መሆን አለበት። በብዙ አገር ተማሪው የትምህርቱን ዋጋ ራሱ ይከፍላል፤ ብዙዎችም ተበድረው ይማራሉ።

የአብራሪ ጤና በየጊዜው በሐኪም ይመረመራል። ዓይኑ ወይም ልቡ ቢታመም የመብረር ፈቃዱ ሊያዝ ይችላል።

ጊዜም ይለወጣል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ዓለምን በያዘ ጊዜ እጅግ ብዙ አይሮፕላኖች ከምድር ሳይነሡ ቆሙ፤ በልዩ ልዩ አገርም ብዙ አብራሪዎች ከሥራ ወጡ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሌላ ሙያ ያለው ሰው ቤቱን በዚያ ያቆያል። ሌላ ሙያ የሌለው ባለዕዳ ግን ገብስ ሳያከማች ፈረስ የገዛውን ሰው ይመስላል።

እንግዲህ ስለ ፍርሃት ምኞትን መተው ይገባልን? አይገባም። በባሕር ዳር ያደጉትን የካፒቴን አምሳለ ጓሉን ነገር ተመልከቱ። እርሳቸው አስቀድመው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ንድፍ ሙያ ተማሩ። እንጀራ የሚሆን ሙያ በእጃቸው ሳለ ወደ በረራ ትምህርት ገቡ። ስምንት ዓመት ያህል በረዳት አብራሪነት አገለገሉ። በጥቅምት ወር 2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያይቱ ሴት ካፒቴን ሆኑ። የፊተኛው ሙያ ከምኞታቸው አላገዳቸውም።

ልጆች ሆይ፥ ሥራን በደመወዙ ብቻ አትመዝኑ፤ በምኞትም ብቻ አትምረጡ። ትምህርታችሁን በትጋት ተማሩ፤ ሁለተኛ ሙያ ያዙ፤ ካገኛችሁት ገንዘብ ጥቂት አስቀምጡ፤ መክፈያውን ሳታስቡ አትበደሩ። ይህን ያደረገ ሰው፥ ሰማዩ ቢዘጋበት ምድሩ ይቀበለዋል።

ጥያቄ
1. ብልህ ገበሬ ፈረስ ሲገዛ ምን ይመረምራል?
2. የአብራሪ ሥራ በየትኞቹ ሦስት ነገሮች ላይ ይቆማል?
3. ካፒቴን አምሳለ ጓሉ ከበረራ በፊት ምን ሙያ ተማሩ?