ያልተለቀሰ ለቅሶ

እትዬ፣

ተወልጄ ያደግሁት ጋፋት ነው፤ ከደብረ ታቦር ትንሽ ወጣ ብሎ፣ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ቦታ። በ1996 ዓ.ም. በቤት ሠራተኝነት ቤሩት ሄድኩ። አሠሪዎቼ በኋላ ወደ ካናዳ ሲሻገሩ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። አሁን ካልጋሪ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ፤ አግብቼ ሁለት ልጆች ወልጃለሁ።

አገሬን ሳልረግጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆየሁ። መጀመሪያ ወረቀት አልነበረኝም፤ ቀጥሎ ልጆቹ መጡ፤ ከዚያ ኮሮና፣ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት። አባቴ በ2011 ሲያርፍ መርዶውን የሰማሁት በስልክ፣ በሥራ ላይ ሆኜ ነው። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ወጥቼ ፈረቃዬን ጨረስኩ። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ደብረ ታቦር ደጃፍ ደርሶ ከባድ መሣሪያ ከተማው ላይ ሲወድቅ፣ የእናቴን ድምፅ ለመስማት ሌሊቱን ሙሉ ስደውል አድር ነበር።

በመጨረሻ በጥር 2015 ብቻዬን ሄድኩ። ወር ልቀመጥ ነበር ሐሳቤ። መኪናው ደጃፍ ላይ እንደቆመ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አባቴን እየጠሩ፣ እየጮሁ ወጡ። ደነገጥኩ። «በቃ፣ በቃ፣ እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ» አልኳቸው። ወንድሜም «ከሩቅ መንገድ የመጣች ናት፣ ተዉአት» ብሎ ዝም አሰኛቸው። ከዚያ ወዲያ አንድም ነገር አልጣመኝም። ሌላው መደብ ላይ ተቀምጦ ጠላውን ሲጠጣ ለእኔ የፕላስቲክ ወንበር ይቀርባል፣ የታሸገ ውሃ ከከተማ ተገዝቶ ይመጣል። የሣሩ ቤታችን ቆርቆሮ ለብሷል። በላክሁት ገንዘብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሳየው ጠላሁት። ላም የምናግድበት ሜዳ ቤት ተሠርቶበታል። የሚመጣው ሁሉ ችግሩን ይነግረኛል። አብረን ኩበት የለቀምን ጓደኛዬ እንኳ መጥታ «እንዴት ነዎት?» አለችኝ። አንቱ አለችኝ፣ እትዬ! በጦርነቱ ጊዜ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች ብቻዋን እንደምታሳድግ ወንድሜ ነግሮኝ ስለነበር፣ አምስት ሺህ ብር በፖስታ አድርጌ ሰጠኋት። መርቃኝ ሄደች፤ ዳግመኛ አልመጣችም።

በአሥራ አንደኛው ቀን «ከሥራ ቦታ በአስቸኳይ ተጠራሁ» ብዬ ዋሸሁና ባሕር ዳር ወረድኩ። የቀረውን ጊዜ ሐይቁ ዳር ሆቴል ይዤ ጨረስኩት። እናቴ ካናዳ የገባሁ መስሏታል። ይህን ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም።

አሁን እናቴ «አንድ ጊዜ ዓይንሽን አይቼ ልሙት» እያለች ነው። መንገዱ አልረጋም እላታለሁ። ይህ እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። መንገዱ ቢረጋም መሄዴን እንጃ። ቡሄ ሲደርስ ደግሞ እዚህ ሆኜ ሆዴ ይባባል። እናቴን ባሕር ዳር አስመጥቼ እዚያው ባገኛትስ? ጋፋትን ዳግም ባላየው አይሻለኝም?

ሆዷ የተከፈለ፣ ከካልጋሪ

◆

እህቴ፣

ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ ታሸገው ውሃ የጻፍሽውን አንብቤ አዘንኩ። ደግሜ ሳነበው ግን ልቤን የያዘው በሁለት መስመር ነክተሽው ያለፍሽው ነገር ነው፤ ደጃፍ ላይ የተነሣውን ለቅሶ አስቆምሽው።

እነዚያ ሴቶች ሊያስደነግጡሽ አልወጡም። በእኛ አገር፣ ሩቅ ሳለ ወላጅ የሞተበት ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሣል። አርባው ቢወጣም፣ ሙት ዓመቱ ቢያልፍም፣ ያልመጣ ልጅ ካለ ቤቱ ገና አልጨረሰም። እናትሽ ያን ቀን አራት ዓመት ጠብቃለች። ጎረቤቶቿ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የወጡት አንቺን ከቤቱ ልጅ ቆጥረው ነው። እንግዳ ሲመጣማ ማን ያለቅሳል? ለእንግዳ ወንበር ይቀርብለታል፣ ውሃ ይገዛለታል። «በቃ» ስትያቸው ሌላ የሚያደርጉት ነገር አልቀራቸውም።

አልወቅስሽም። መታጠቢያ ቤት ገብታ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ፈረቃዋን የጨረሰች ሴት «አልቅሼ ጨርሻለሁ» ብትል ማን ይፈርድባታል? ግን ያን ቀን ምን እንዳመለጠሽ ልንገርሽ። አባትሽን መጨረሻ ያየሽው በ1996 ነው። ከዚያ እስከ ዕረፍቱ ያለውን ሰው አታውቂውም፤ እንዴት እንዳረጀ፣ ሲታመም ማን እንዳስታመመው፣ ስምሽን ሲጠራ እንዴት አድርጎ እንደሚጠራው። ይህን ሁሉ የሚያውቁት እነዚያ ሴቶች ናቸው። ለቅሶ ላይ አልቃሿ የሟቹን ነገር እያነሣች ትጥላለች፤ ሌላዋ ትቀጥልበታለች፤ ሲበርድ ደግሞ ቡና ተፈልቶ ወሬው ይቀጥላል። የጎደለብሽን አባትሽን በዚያ ትንሽ ትንሹን ታገኚው ነበር። ብቻሽን ካልጋሪ ያለቀስሽው ለምታውቂው አባትሽ ነው። ለማታውቂው ገና አላለቀስሽም። ቤቱን ያስጠላሽ ቆርቆሮው ሳይሆን ይህ ይመስለኛል፤ አባትሽ የሌለበት ቤት ገብተሽ፣ ስለ እሱ ማንም ሳያነሣልሽ ነው አሥራ አንድ ቀን የተቀመጥሽው።

ቆርቆሮውንም ብትጠዪው ነውር አይደለም። እናትሽ ግን በእነዚያ የጉና ተራራ ዝናብና ውርጭ በሚወርድባቸው ክረምቶች የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ዕቃ እየቀያየረች ከማደር ተገላግላለች። የሣሩ ቤት ትዝታው ላንቺ ነው፤ ማፍሰሱ የእሷ ነበር።

ወደ ጓደኛሽ ልምጣ፤ ከደብዳቤሽ ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ባሏ መሞቱን ታውቂያለሽ። እሷም ማወቅሽን ታውቃለች፤ በሰፈር ይህ አይደበቅም። ፊትሽ ተቀምጣ «ነፍስ ይማር፣ እንዴት ሆነብሽ?» እስክትያት ጠብቃለች። ፖስታ ሰጠሻት። ገንዘቡ ክፉ አይደለም፤ ሦስት ልጅ ብቻዋን ለምታሳድግ ሴት አምስት ሺህ ብር ቁም ነገር ነው። ግን ለቅሶው ሳይደረስ ገንዘቡ ቀደመ፤ ያኔ እንደ ምጽዋት ይቆጠራል። አንቱ ያለችሽም ገና ስትገባ፣ ወንበሩን አይታ፣ ምን ሆነሽ እንደመጣሽ ሳታውቅ ፈርታ ነው። አቅፈሻት ብታለቅሺ ኖሮ አንቱታው ያን ጊዜውኑ ይቀር ነበር። ተቃቅፈው የሚያለቅሱ ሁለት ሴቶች አንቱ አይባባሉም።

«አገሬ ጠፋብኝ» ለሚለው ስሜትሽ የምመልሰው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሺኝ። ቤሩት መሄድሽን ሳነብ ትዝ ያሉኝ የጋፋት ሰዎች አሉ። አፄ ቴዎድሮስ ለመድፉ ሥራ ጋፋት ካሰፈሯቸው ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች አንዱ ዋልድማየር ይባላል። ሚስቱ ሱዛን የእንግሊዛዊው የዮሐንስ ቤል ልጅ፣ በእናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች። ከመቅደላ በኋላ ባልና ሚስቱ ኑሯቸውን ሊባኖስ አደረጉ፤ ከቤሩት በላይ ብሩማና ላይ በ1873 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን ትምህርት ቤት የመሠረተው እሱ ነው። ከጋፋት ወጥታ ቤሩት አጠገብ የኖረች ሴት አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። ሌላው ባለሙያ ሞሪትዝ ሆል ነበር፤ ኢትዮጵያዊት እናት የወለደቻትን ሚስቱን ወለተ ኢየሱስን ይዞ ኢያፋ ገባ። መቅደላ ላይ የተወለደችው ልጃቸው ማግዳሌና የዝነኛው ተዋናይ የፒተር ኡስቲኖቭ አያት ናት። እነዚህ ሴቶች ትተውት የወጡት ደብረ ታቦር ደግሞ ቀድሞውኑ አመድ ሆኖ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. ከተማዋን አቃጥለው፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሰው ኃይል እያስጎተቱ ወደ መቅደላ አቀኑ። ራስ ጉግሣ ያቆረቆሯት ከተማ ከዚያ በኋላ እንደገና ተሠራች፤ አሁን አንቺ «የድሮው» የምትይው የዚያን ዘመን ሰው ቢያየው የማያውቀውን ነው። ላሞችሽን ያገድሽበት ሜዳ ላይ ቤት የሠራው ሰው ልጅም ነገ አድጎ ያንን ቤት ይናፍቃል።

እዚያው ደብረ ታቦር በ1853 የተወለደው የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ግን ከሁሉም ይልቅ ያሳዝነኛል። በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና መንገድ ላይ ሳሉ ሞቱበት። እሱም በኅዳር 1872 በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሊድስ ከተማ አርፎ ዊንዘር ተቀበረ። አጽሙ ይመለስ ተብሎ ቢጠየቅም የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 እ.ኤ.አ. አይሆንም አለ። ይህን የማነሣልሽ «እሱ አልቻለም፣ አንቺ ግን ትችያለሽ» ብዬ ላሳፍርሽ አይደለም። «ዳግም ባላየው አይሻለኝም?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው። አይሻልሽም። ያላለቀሰ ሰው አገሩን ቢተውም አገሩ አይተወውም፤ ለቡሄ ሆድሽ ለምን እንደሚባባ አንቺው ጽፈሽዋል።

አሁን ወደሚደረገው። የባሕር ዳሩን ሐሳብ ተዪው። እናትሽ የናፈቃት ዓይንሽ ብቻ አይደለም፤ በሰፈሩ መኻል ከልጇ ጋር መታየት ነው፣ እሑድ ጠዋት አብራሽ ቤተ ክርስቲያን ስማ መመለስ ነው። ሆቴል ክፍል ውስጥ እሷም እንግዳ ትሆናለች። ደግሞም መንገዱ ለአንቺ የማይሆን ከሆነ ለአሮጊት እናትሽ እንዴት ይሆናል? ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ውጊያ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት እንደሚውል ታውቂያለሽ። መቼ ልምጣ የሚለውን የወንድምሽ አፍ ይወስነው፤ እዚያ ያለው ሰው «አሁን ነይ» ካላለ አትነሺ። ከተቻለ ከቡሄው ይልቅ ጥርን ምረጪ፤ ነሐሴ ላይ ጭቃውና ዝናቡ ቤት ለቤት አያስኬድሽም፤ አንቺ ደግሞ ቤት ለቤት መሄድ አለብሽ።

ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ቀናት የለቅሶ ናቸው። ከ1996 ወዲህ በሰፈሩ ማን ማን እንዳረፈ ከእናትሽ ጋር በስልክ ተቀምጣችሁ አንድ በአንድ ጻፊ። ይህ ራሱ የብዙ ማታ ጨዋታ ይሆናችኋል። ስትደርሺ ጥቁር ነጠላ ልበሺ። ሴቶቹ ሲወጡ አታስቁሚያቸው፤ እንባ ባይመጣልሽም አጎንብሰሽ ተቀመጪ፣ መምጣቱ አይቀርም። ቀጥሎ እናትሽ ትምራሽና የጻፍሻቸውን ቤቶች በሙሉ ድረሺ። ሻንጣው እስከዚያ አይከፈት። መደቡ ላይ ተቀመጪ፤ ውሃው ካሳሰበሽ ራስሽ አፍልተሽ ጠጪ፣ ከከተማ ግን አታስገዢ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የመጣው ሁሉ ችግሩን ቢነግርሽ አይግረምሽ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከአንቺ ጋር ያገናኛቸው የላክሽው ገንዘብ ብቻ ነው፣ ሌላ ወሬ አታውቁም። የምትችይውን ያህል ቆርጠሽ ከመሄድሽ በፊት ከወንድምሽ ጋር ተስማሚ። ለእድሩ ድርሻሽን ክፈይ፤ የአባትሽን ሬሳ ያነሣው እድር ነውና ስምሽ እዚያ መዝገብ ላይ ይግባ። ለተቸገረ የምትሰጪውን በወንድምሽ እጅ አድርጊው፣ አንቺ ደጃፍ ላይ ተቀምጠሽ አታድዪ።

ስለ ባሕር ዳሩ ውሸት፣ በስልክ አትንገሪያት። ስትሄጂ፣ ለቅሶው ካለፈ በኋላ፣ አንድ ማታ ብቻችሁን ስትሆኑ ንገሪያት። ታዝናለች፤ ምናልባትም ታውቀው ይሆናል፣ እናት እንዲህ ያለ ነገር አይሰወራትም። ከዚያ በኋላ ግን የምትደብቂያት ነገር አይኖርም። ባልሽም ይወቀው፤ ሸክሙን እስከ ዛሬ ብቻሽን ተሸክመሽዋል።

ይህን ሁሉ ብታደርጊ ሁለት ልብ መሆንሽ ይቀራል ብዬ አልዋሽሽም። ጋፋት ሆነሽ ልጆችሽ ይናፍቁሻል፤ ካልጋሪ ስትመለሺ እናትሽ። ልጆችሽ ያሉት እዚያ፣ እናትሽ ያለችው እዚህ ነውና ሆድሽ ቢከፈል የሚገባ ነው። የማይገባው ወላጅ ቤትሽ ውስጥ እንግዳ መሆን ነው፤ እሱ ደግሞ ሊቀር ይችላል።

ጉዞውን ሳትጠብቂ አንድ ነገር ዛሬ አድርጊ። የጓደኛሽን ስልክ ከወንድምሽ ተቀበይ። በበጋችሁ ጊዜ እናንተ ዘንድ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ጋፋት ይነጋል፤ ለሥራ ሳትወጣ ታገኛታለሽ። አንቱ ብትልሽ አትቆጪ። ስለ ገንዘብም ሆነ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት አታንሺ፤ እሱ ሌላ ቀን ይደርሳል። የባሏን ስም ጠርተሽ ጀምሪ፣ ያን ጊዜ ስላልደረስሽላት ይቅርታ ጠይቂያትና እንዴት እንደሆነ ትንገርሽ።