ቅዱሳት መካናትን መሳለም ለወጣት ምን ይጠቅመዋል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ኢየሩሳሌምን የመሳለም ነገር በመካከላችን በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት አሳብ ሲቀርብ እንሰማለን። አንዱ ወገን «ጌታ የተመላለሰበትን ምድር ሳያዩ መሞት ትልቅ ጉድለት ነው» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «እግዚአብሔር በሁሉ ስፍራ ያለ ሆኖ ሳለ ያን ያህል ገንዘብና ድካም ለምን?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም በቅንነት የሚናገሩ ስለ ሆኑ ነገሩን በችኮላ መዝጋት አይገባም። እኛም ይህን ጥናት ያዘጋጀነው የመሳለም ትርጉሙ ምን እንደ ሆነ፥ የቀደሙት አባቶችና እናቶች እንዴት እንደ ተጓዙ፥ የሚሄደውም ሆነ የሚቀረው ምን ማድረግ እንዳለበት በአንድነት እንድንመለከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ/ መሳለም ከጉብኝት በምን ይለያል?

«መሳለም» የሚለው ቃል «ሰላም» ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። የቤተ ክርስቲያንን ደጅ ስንሳለም ለእንጨቱና ለድንጋዩ ሳይሆን ለቤቱ ባለቤት ሰላምታና ክብር ማቅረባችን ነው። ጎብኚ ቦታውን አይቶ ስለ ቦታው ያወራል፤ ተሳላሚ ግን በቦታው ስለ ተደረገለት ነገር ያመሰግናል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረው፥ በአንድ አስጎብኚ ተመርተው፥ አንዱ ጎብኚ ሌላው ተሳላሚ ሆነው ሊመለሱ ይችላሉ።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ የራሳችን ወገን ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እንደ ተጻፈው የንግሥት ሕንደኬ የገንዘብ ሹም የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ነበር። ሦስት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፥ የሄደው ለስግደት ነው እንጂ ለንግድ ወይም ለመንግሥት ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛ፥ በሠረገላው ላይ ሆኖ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ሦስተኛ፥ ያነበበው ባልገባው ጊዜ፥ ባለ ሥልጣን ቢሆንም እንኳ፥ በእግሩ የመጣውን ፊልጶስን ለመጠየቅ አላፈረም። ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀው ግን የፈለገውን ያገኘው በታላቂቱ ከተማ ሳይሆን ወደ አገሩ ሲመለስ፥ ወደ ጋዛ በሚወስደው የምድረ በዳ መንገድ ላይ መሆኑ ነው። ከተማይቱን አይቶ መጽሐፉን ባይከፍት ኖሮ ፊልጶስ የሚተረጉምለት ነገር ባልነበረ ነበር። እንግዲህ መሳለም ማለት እያነበቡ መሄድ፥ እየጠየቁም መመለስ ነው ማለት እንችላለን።

ለ/ የቀደሙት ተሳላሚዎች እንዴት ይጓዙ ነበር?

ንግሥት እሌኒ ወደ ቅድስት አገር የሄደችው በ326 አካባቢ ነው። ልጅዋ ቆስጠንጢኖስ በጌታ መቃብር ላይ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን በ335 ተቀደሰ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ333፥ ዛሬ ፈረንሳይ ከምትባለው አገር፥ ከቦርዶ ከተማ የተነሣ አንድ ተሳላሚ ያለፈባቸውን ማደሪያዎች በዝርዝር ጽፎ ትቶልናል።

ከእነዚህ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነን በዚያው በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተጓዘችው ኤጌርያ የተባለች ሴት የጻፈችው ነው። ይህች እናት ሲናን፥ ኢየሩሳሌምንና ሌሎችንም ቦታዎች ተሳልማ፥ ያየችውን በአገርዋ ለቀሩት እኅቶችዋ በደብዳቤ አስታወቀች። ልማዳቸው እንዲህ ነበር፤ ከአንድ ቅዱስ ቦታ ሲደርሱ በመጀመሪያ ይጸልያሉ፥ ከዚያ ስለ ቦታው የሚናገረውን የመጽሐፍ ክፍል ያነባሉ፥ ለዚያ የሚስማማ መዝሙር ይደግማሉ፥ እንደ ገና ጸልየው ይነሣሉ። ዛሬ ብዙ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ለዚህ ሁሉ ይበቃል።

ሐ/ ከቦታዎቹ ጋር የሚነበበው

የጉዞው ቅደም ተከተል እንደ መንገዱ ሁኔታ ይለያያል። ቢቻል የጌታን የምድር ሕይወት ተከትሎ ማሰብ ይጠቅማል። ጥቂቶቹን እንመልከት።

1ኛ/ ቤተ ልሔም (ሉቃ. 2)። በዋሻው ላይ በ4ኛው መቶ ዓመት የተሠራው ቤተ ክርስቲያን በ6ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዮስጢንያኖስ ዘመን እንደ ገና ታንጾ እስከ ዛሬ ቆሞአል። መግቢያው 1 ሜትር ከ20 ያህል ብቻ ከፍታ ስላለው ንጉሥም ሆነ ድሀ ጎንበስ ሳይል አይገባም። በሩን ያጠበቡት ፈረሰኛና ዘራፊ እንዳይገባ ብለው ነው ይባላል፤ ለተሳላሚ ግን የትሕትና ትምህርት ሆኖለታል።

2ኛ/ ዮርዳኖስ (ማቴ. 3)። ወንዙ ወደ ሙት ባሕር በሚገባበት አቅራቢያ ነው። የሙት ባሕር ዳርቻ ከውቅያኖስ ወለል ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፥ በየብስ ላይ ካለው ቦታ ሁሉ ዝቅተኛው ነው። ጌታ ለመጠመቅ የወረደው ወደዚህ ሸለቆ መሆኑን ስናስብ የትሕትናው ነገር በዓይን የሚታይ ይሆናል። ከ1967 ጦርነት በኋላ በምዕራቡ ዳርቻ ያሉት ገዳማት በፈንጂ ታጥረው ለብዙ ዓመታት ተዘግተው ነበር። የጥምቀቱ ቦታ ለሕዝብ ዘወትር ክፍት የሆነው በ2011 ሲሆን፥ ፈንጂውን የማጽዳት ሥራ በ2018 ተጀምሮ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ያለበትም ግቢ ጸድቶአል።

3ኛ/ የገሊላ ባሕር (ማር. 4)። ርዝመቱ 21፥ ወርዱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ሐይቅ ነው። በዙሪያው ካሉት ኮረብቶች በድንገት የሚወርደው ነፋስ ሐይቁን ያናውጠዋል። በ1986 በድርቅ ምክንያት ውሃው በሸሸ ጊዜ በጭቃ ውስጥ የተቀበረች፥ ከ8 ሜትር ጥቂት የምትበልጥ፥ የጌታ ዘመን ጀልባ ተገኝታለች። ያችን ጀልባ አይቶ የማርቆስን ምዕራፍ ያነበበ ሰው ሐዋርያት ለምን እንደ ጮኹ ይገባዋል።

4ኛ/ የያዕቆብ ጉድጓድ (ዮሐ. 4)። በናብሉስ ከተማ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይገኛል። ጥልቀቱ ከ30 ሜትር በላይ ስለ ሆነ ሳምራዊቱ ሴት መቅጃ የሌለውን እንግዳ ስለ ጥልቀቱ መናገርዋ በከንቱ እንዳልነበረ እናያለን።

5ኛ/ ኢየሩሳሌም። በዚህች ከተማ ጌቴሴማኒ፥ ቤተ ሳይዳ የተባለችው መጠመቂያ፥ የሰሊሆም መጠመቂያ፥ ጎልጎታና ቅዱስ መቃብሩ ይገኛሉ። ስለ እነዚህ በሚቀጥለው ክፍል እንናገራለን።

መ/ «ቦታው በእርግጥ ይኸው ነውን?»

ይህ ጥያቄ ወጣቶች በልባቸው ይዘው ለመናገር የሚፈሩት ጥያቄ ነው። መጠየቁ ክህደት አይደለም። አስጎብኚው የተናገረውን ሁሉ እንደ ወንጌል የተቀበለ ሰው፥ አንዱ ነገር ስሕተት ሆኖ ሲያገኘው ወንጌሉንም አብሮ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ሦስት ደረጃዎችን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው፥ በቁፋሮና በጽሑፍ ማስረጃ እጅግ የተረጋገጠው ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ስለ ተጠቀሰው አምስት መመላለሻ አንዳንዶች «ምሳሌ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ቦታ አልነበረም» ይሉ ነበር። ቁፋሮው ግን ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ገንዳዎችን ገለጠ፤ አራቱ በዙሪያ፥ አምስተኛው በመካከላቸው መሆኑ ታወቀ። ዕውሩ የታጠበበት የሰሊሆም መጠመቂያ ደረጃዎችም (ዮሐ. 9) በ2004 የፍሳሽ ቧንቧ ሲጠገን ተገኝተዋል።

ሁለተኛው፥ ጥንታዊ ትውፊት ያለውና ማስረጃው የሚደግፈው ነው። ጌታ ከከተማው ውጭ መሰቀሉን እናውቃለን፤ ዛሬ ግን ጎልጎታ በቅጥሩ ውስጥ ነው። ይህን አይቶ የሚደናገር አለ። ነገር ግን ዛሬ የሚታየው ቅጥር በ16ኛው መቶ ዓመት በሱልጣን ሱሌይማን የተሠራ ነው። በጌታ ዘመን ቦታው ከቅጥሩ ውጭ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያሉት ከዓለት የተፈለፈሉ የዘመኑ መቃብሮችም ይህን ይመሰክራሉ፤ አይሁድ በከተማ ውስጥ አይቀብሩም ነበርና። በ2016 የመቃብሩ ሽፋን ተነሥቶ ሲጠገን፥ ከዓለቱ በላይ የተገኘው ኖራ በምርመራ የ4ኛው መቶ ዓመት መሆኑ ታውቆአል።

ሦስተኛው፥ በትውፊት ወይም በልማድ ብቻ የሚታወቀው ነው። ገሊላ ውስጥ «ቃና ይህ ነው» የሚባል ከአንድ በላይ ቦታ አለ። በጌቴሴማኒ ካሉት ያረጁ የወይራ ዛፎች ዕድሜያቸው ሊታወቅ የቻለው የሦስቱ ግንድ በ12ኛው መቶ ዓመት አካባቢ የበቀለ ሆኖ ተገኝቶአል፤ ስለዚህ «ጌታ የጸለየው ከዚህ ግንድ ሥር ነው» ማለት አይቻልም። ቢሆንም ሥፍራው ያው የደብረ ዘይት ግርጌ ነው፤ ምእመናንም ለብዙ መቶ ዓመታት በዚያ ሲጸልዩ ኖረዋል። ተሳላሚው የሚሰግደው ለተናገረውና ላደረገው ጌታ እንጂ ለግንዱ ዕድሜ አይደለም። እውነትን ማወቅ ስግደቱን አያጠፋበትም፤ ያጠራለታል እንጂ።

ሠ/ ቦታውን የጠበቁት ሰዎች

ቅዱስ ቦታ ያለ ሰው ባዶ ድንጋይ ነው። በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ግሪኮች፥ ላቲኖች፥ አርመኖች፥ ኮፕቶች፥ ሶርያውያንና ኢትዮጵያውያን እንደ ጥንቱ ሥርዓት ድርሻ ድርሻ አላቸው። አባቶቻችን በዴር ሡልጣን፥ ከእሌኒ ቤተ ጸሎት ጣራ በላይ፥ በጠባብ ጎጆዎች ይኖራሉ። በ1838 የተነሣው ወረርሽኝ አብዛኞቹን መነኮሳት ፈጅቶ ነበር፤ መጻሕፍታቸውም ተቃጥለዋል። የተረፉትና በኋላ የመጡት ግን ስፍራውን አልለቀቁም። ስለ ይዞታው ከኮፕት ወንድሞቻችን ጋር የቆየ ክርክር አለ። ከዚያ የሚደርስ ወጣት የአባቶቹን ትዕግሥት ይማር እንጂ ጥላቻን ይዞ አይመለስ። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 የተፈጸመው የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያንም ከአሮጌው ከተማ ውጭ ይገኛል።

የአገሩን ክርስቲያኖችም ማሰብ ይገባል። በጥቅምት 2023 ጦርነት ከተነሣ በኋላ ተሳላሚ ቀረ፤ በዚያ ዓመት በቤተ ልሔም የልደት በዓል ያለ ወትሮው ጌጥና ሰልፍ በጸሎት ብቻ ተከበረ። ከወይራ እንጨት መስቀል እየቀረጹ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ቤተ ሰቦች ገቢያቸው ተቋረጠ። ድንጋዩን ስመን በድንጋዩ አጠገብ የሚኖረውን ክርስቲያን ሳናውቀው ብንመለስ መሳለማችን ጎዶሎ ነው።

ረ/ መሄድ ላልቻለስ?

ከመካከላችን የሚሄዱት ጥቂቶች ናቸው። ገንዘብ የሌለው፥ ፈቃድ ያላገኘ፥ የታመመች እናቱን የሚያስታምም አለ። ይህ ሰው ከበረከት ተለይቶአልን? ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ራሱ ኢየሩሳሌምን ያየ አባት ሲሆን፥ የቦታ መለወጥ ሰውን ወደ እግዚአብሔር እንደማያቀርብ በደብዳቤው ጽፎአል። በቤተ ልሔም ይኖር የነበረው ሄሮኒሞስም የሚያስመሰግነው በኢየሩሳሌም መገኘት ሳይሆን በዚያ በመልካም መኖር እንደ ሆነ አስተምሮአል። ሁለቱም በቦታው የነበሩ ስለ ሆኑ ምስክርነታቸው ይታመናል።

አባቶቻችንም ይህን አውቀው ነው በላስታ ተራራ ከዓለት በተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት መካከል ጎልጎታን የሰየሙት፥ ወንዙንም ዮርዳኖስ ያሉት። ሩቅ መሄድ ያልቻለ ሕዝብ በአገሩ ሆኖ የጌታን ነገር እንዲያስብ ነው።

እንግዲህ ለሁለቱም ወገኖች የምንለው ይህ ነው። የምትሄዱ፥ ከመነሣታችሁ በፊት አራቱን ወንጌላት ፈጽማችሁ አንብቡ፤ ከንስሐ አባታችሁ ተማከሩ፤ የቤተ ሰባችሁን ቀለብ ወይም የሰው ብድር ለጉዞ አታድርጉ፤ በየቦታው ቢያንስ ምዕራፉን አንብቡ፤ ስትመለሱም ያገኛችሁትን ለጉባኤው አካፍሉ እንጂ በተሳላሚነት ስም አትታበዩ። የማትሄዱ፥ ካርታውን ዘርግታችሁ ያንኑ ወንጌል አንብቡ፤ አረጋዊና ሕሙምን ለመጠየቅ የምትወጡበት መንገድም ጉዞ መሆኑን አትርሱ። ጃንደረባው ደስ ብሎት መንገዱን የሄደው ወደ ገዛ አገሩ ነበርና።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ጃንደረባው ሲመለስ ያገኘው ነገር በኢየሩሳሌም ሳለ ካየው በምን ይበልጣል?
2. አንድ ቦታ በልማድ ብቻ የሚታወቅ መሆኑን ብንሰማ በዚያ መጸለይን መተው ይገባናልን? ምክንያቱን አስረዱ።
3. ከጉባኤያችን አንድ ሰው ለመሳለም ቢሄድ፥ የቀረነው በምን ልናግዘው፥ እርሱስ ሲመለስ በምን ሊጠቅመን ይችላል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።